የምክር ዓምድ፦ ቤት ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ለማንሳት የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ደብዳቤው፦

«ጋሼ እንደምን አሉ? ጉዳዬ ቀላል ነው ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሳልወስን ቆየሁ። ፎቶ ማንሳት በጣም እወዳለሁ፣ እስካሁን በስልኬ ነው የማነሳው። ብዙ ጊዜ የማነሳው የእህቴን ልጅ ነው፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይቀመጥም፣ ማታ ቤት ውስጥ ሳነሳው ፊቱ ይደበዝዝብኛል ወይ እጁ ጭስ ይመስላል። እናቴንም መስኮት ስር ቁጭ ስትል ማንሳት ደስ ይለኛል፣ አንዳንዴ ደሞ ወፎች። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ መካከለኛ ስልክ የሚገዛ ያህል ነው፣ ከዛ በላይ የለኝም። አንድ ሻጭ አዲስ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 ጊዜ ዙም የሚያደርግ ካሜራ አሳየኝ፣ ዋጋውም ከያዝኩት በታች ነው። ወንድሜ ያገለገለ ካሜራ መግዛት የሰው ጣጣ መግዛት ነው ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ፉል ፍሬም ለሚባለው ውድ ካሜራ የሚሆን እስክታጠራቅሚ ጠብቂ፣ ሌላው ብክነት ነው ትላለች። የማንን ልስማ? ስልክ እያለኝ ካሜራ መፈለጌስ ራሱ ቅንጦት ይሆን?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እሱ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። ቅንጦት አይደለም። «እጁ ጭስ ይመስላል» ያልሽውን ሳነብ ችግርሽ ወዲያው ነው የገባኝ፣ እሱን ችግር ደሞ የተሻለ ስልክ በመግዛት ሙሉ በሙሉ አትገላገይውም። ምን መሰለሽ፣ የዘመኑ ስልክ ጨለም ያለ ቦታ ላይ አንድ ፎቶ አነሳሁ ሲልሽ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ነው የሚያወጣልሽ፣ ወይ ደግሞ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ማለት ነው፣ አዘግይቶ ብርሃን ያጠራቅማል። እናትሽ ዝም ብለው ሲቀመጡ ይሄ ዘዴ ግሩም ይሰራል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ግን በዛች ቅጽበት ውስጥ እጁን አንስቶ፣ አውርዶ፣ ዞሮ ጨርሷል፣ ጭሱ ከዛ ነው የሚመጣው።

ደሞ አንድ ነገር ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። የምታነሺው ሁሉ ቀን ላይ ደጅ ቢሆንና ፎቶውን የምታይው ስልክ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘብሽን አስቀምጪ ነበር የምልሽ፣ ምክንያቱም በጥሩ ብርሃን በስልክ ስክሪን ልዩነቱን ብዙ ሰው አያየውም። ያንቺ ግን ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ማታ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ካሜራ ገንዘቡን የሚመልሰው።

አሁን ወደ ሻጩ እንምጣ። ያንን ካሜራ አትግዢው። ሳላየው ነው የምልሽ አውቃለሁ፣ ግን ስሙ የማይታወቅ፣ አዲስ፣ ርካሽ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 48 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው፣ ተብሎ የሚሸጥ ካሜራ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብላ ፎቶ የምታደርገው፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ናት፣ ራሷ የምትይዘው ነጥብም ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው፣ የቀረውን ሶፍትዌሩ በግምት እየሞላ ነው ፋይሉን የሚያሳብጠው። 16 ጊዜ የተባለው ዙምም ሌንሱ ወደፊት የማይወጣ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲጂታል ዙም ነው፣ ዲጂታል ዙም ማለት ደግሞ ከፎቶው መሀል ቆርጦ ማስፋት ነው፣ እሱን ቤት ሄደሽ ስልክሽ ላይ በጣትሽ ማድረግ ትችያለሽ። እስቲ አስቢው፣ 16 ጊዜ ሲያቀርብ በወርድም በቁመትም ለ16 ነው የሚካፈለው፣ 16 በ16 ደሞ 256 ነው፣ 48ቱ ሜጋፒክስል ሁሉም እውነተኛ ቢሆን እንኳን ለ256 ሲካፈል የሚቀርሽ 0.2 ሜጋፒክስል አይሞላም። በዛ ወፍ ብታነሺ ላባውን ተይው፣ ወፍ መሆኑ ከታወቀ ጥሩ ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን ሜጋፒክስል ብቻ ይጠይቃል? ድሮ ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቭ ሳሰን የሚባል ኢንጂነር ሲሰራው የሚይዘው 100 በ100 ነጥብ ነበር፣ 0.01 ሜጋፒክስል ማለት ነው፣ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት ብቻ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዛ ተነስቶ 2፣ 3፣ 6 ሜጋፒክስል እስኪደርስ ድረስ እያንዳንዷ ጭማሪ በአይን የምትታይ ለውጥ ነበረች፣ ሰውም ቁጥሩን መጠየቅ ለመደ፣ ሻጭም ቁጥሩን መጥራት ለመደ። ዛሬ ግን ኤ4 ወረቀት ላይ አጥርቶ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል፣ 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን እንኳን ሙሉ ስክሪኑ 8.3 ሜጋፒክስል ነው። ያገለገሉት ርካሽ ካሜራዎች 16፣ 18፣ 24 ነው ያላቸው፣ ተርፎሽ ቆርጠሽ ትጥያለሽ። ስለዚህ ይሄን ቁጥር እርሺው፣ የምትጠይቂው የሴንሰሩን መጠን ነው።

ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ኤፒኤስሲ የሚባለው በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ15.6 ገደማ ነው፣ በካነን ትንሽ ያንሳል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚሉት፣ ፓናሶኒክ የሚሰራበት፣ ኦሊምፐስም ይሰራበት የነበረው፣ 17.3 በ13 ነው። ኪስ የሚገቡት ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለችው ደግሞ 6.2 በ4.6 አካባቢ ናት፣ ኤፒኤስሲው በስፋት 13 እጥፍ ይበልጣታል። ላንቺ የሚሆነው ኤፒኤስሲ ነው፣ በዋጋም በጥራትም መሀል ላይ ያለው እሱ ነው፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስም ቢገኝ ክፉ አይደለም።

ጓደኛሽ ይሄን ብታነብ «ታዲያ ፉል ፍሬም ይበልጣል አላልኩም?» ትላለች፣ ልክ ናት፣ ይበልጣል። ግን በስንት እንደሚበልጥና ለምን እንደምትከፍይ አብረን እናስላው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ የደብዳቤሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ከኤፒኤስሲ በስፋት ሁለት እጥፍ ከትንሽ በላይ ነው፣ የሚሰበስበውም ብርሃን በዛው ልክ ነው። ጥሩ። አሁን ደሞ ሌንሱን እይው። ካሜራ ስትገዢ አብሮት የሚመጣው ኪት ሌንስ 18-55 የሚባለው ነው፣ ወደ 55 ስትዘረጊው ቀዳዳው፣ አፐርቸር የሚሉት፣ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትልሽም። አፐርቸር እንደ አይን ብሌን ነው፣ ይሰፋል ይጠባል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። ዙም የማያደርጉ ግን ርካሽ የሆኑ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንሶች አሉ፣ እነሱ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታሉ። ከ5.6 ወደ 1.8 ስትሄጂ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፉል ፍሬሙ ሁለት እጥፍ ሰጠሽ፣ ትንሿ ሌንስ 10 ሰጠችሽ፣ ዋጋዋ ደሞ ከፉል ፍሬሙ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም።

በተግባር ምን ማለት መሰለሽ። ማታ ነው፣ አንድ አምፖል በርቷል፣ ልጁ ወለሉ ላይ መኪናውን እየነዳ ነው። በኪት ሌንሱ በኤፍ 5.6፣ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ብርሃን ላይ ያለውን ንቃት የሚወስነውን ቁጥር፣ 1600 አድርገሽ ብታነሺ ሹተሩ 1/15 ሰከንድ አካባቢ ላይ ይወድቃል፣ በ1/15 ሰከንድ ውስጥ የልጅ እጅ ከመኪናው ተነስቶ አፉ ጋር ሊደርስ መንገድ ጀምሯል፣ ስለዚህ ያው ጭስ ነው፣ ካሜራ ገዝተሽም ጭስ። ሌንሱን ቀይረሽ 1.8 ላይ ስትከፍቺው ያው ክፍል፣ ያው አምፖል፣ ሹተሩ 1/150 ይሆናል። አይኤስኦውን ወደ 3200 ብትጨምሪው 1/300 ደረሰ፣ በ1/300 የልጁ ጣቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥራጥሬ የመሰለ ኖይዝ ትንሽ ይታይሽ ይሆናል፣ አትጨነቂበት፣ ኖይዝ ያለበት የጠራ ፊት ንጹህ ሆኖ ከደበዘዘ ፊት ሺህ ጊዜ ይሻላል። ራሴ ቤት ሁለቱን ሌንስ እያቀያየርኩ ስሞክረው ልዩነቱ ካሜራ የቀየርኩ ነበር ያስመሰለው። አንዳንድ ሻጮች «ይሄ ኪት ሌንስ እኮ መንቀጥቀጥ ይከላከላል» ይሉሻል፣ እውነት ነው፣ ግን የሚከላከለው ያንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ነው፣ ልጁን ቁጭ አያደርግልሽም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፣ ገንዘብሽን ለሁለት ክፈዪው፣ ቦዲው፣ ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ ማለት ነው፣ ያገለገለና ትንሽ ቆየት ያለ ይሁን፣ በሚተርፈው ደግሞ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ግዢ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ገንዘቡን በሙሉ ቦዲው ላይ ጨርሶ ዓመቱን በኪት ሌንስ መቆየቱ ነው። ቦዲ ያረጃል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ጥሩ ሌንስ ግን አዲሱ ቦዲ የሚቀበለው እስከሆነ ድረስ ቦዲ ስትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል።

የትኛው ቦዲ ላልሽው፣ ከኒኮን ዲ3300፣ ዲ3400፣ ዲ3500 አሉ፣ ሁሉም 24 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ዲ3500 እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው፣ የዛ መስመር የመጨረሻው እሱ ነው። ቀላል ነው፣ ቦዲው ብቻውን 365 ግራም ነው፣ ባትሪው ደሞ በፋብሪካው መለኪያ 1,550 ፎቶ ያነሳል፣ ሳምንት ሙሉ ቻርጀር አታስቢም። ለሱ ሌንስሽ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ የሚባለው ነው፣ ቤት ውስጥ ርቀቱ ልክ ይመጣል። እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታዮች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፣ ሞተሩ ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ያለበትን ነው የምትገዢው፣ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የድሮዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ያጓጓሉ፣ ግን ካሜራሽ ላይ ፎከስ በእጅሽ ካላዞርሽ አይሰራም፣ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ እስክታዞሪ አይጠብቅሽም። ኤኤፍ-ፒ የሚሉት አዳዲሶቹ ደሞ እንደ ዲ3200 ያሉ ቀደም ያሉ ቦዲዎች ላይ አይሆኑም።

ከካነን 100ዲ ወይም 200ዲ፣ ወይም 700ዲ ጥሩ ናቸው፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ነው፣ በርካሽነቱ የታወቀ ነው። ችግሩ በኤፒኤስሲ ላይ እይታው ጠበብ ይላል፣ በፉል ፍሬም አቆጣጠር 80 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ለእናትሽ ፊት ድንቅ ነው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ልጁን ሙሉ ለማስገባት ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። የክፍላችሁን ስፋት አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት የሌለውን ካሜራ፣ ከፈለግሽ ሶኒ ኤ6000 አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ፎከሱ ፈጣን ነው፣ በሰከንድ 11 ፎቶ ያነሳል፣ ለሮጭ ልጅ ይመቻል። ብቻ ሁለት ነገር አስቢ፣ ባትሪው 360 ፎቶ አካባቢ ነው የሚይዘው ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው፣ ሌንሶቹም ከነኒኮንና ካነን የድሮ ሌንሶች ወደድ ይላሉ፣ ቦዲውን ሳትይ መጀመሪያ የሌንሱን ዋጋ ጠይቂ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ዲ3400 ወይም ዲ3500ን ከ35 ሚሊሜትሩ ጋር ነበር የምወስደው። ዲኤስኤልአር፣ እንደነዚህ ኒኮንና ካነኖች ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ፣ አረጀ ይሉሻል፣ አዎ ፋብሪካዎቹ ወደ ሚረርለስ ዞረዋል፣ ርካሽ የሆነልሽም ስለዞሩ ነው፣ ካሜራዎቹ ግን ትናንት ያነሱትን ፎቶ ዛሬም ያነሳሉ።

ወፎቹ ለጊዜው ይቆዩሽ። በ35 ሚሊሜትር ወፍ አይነሳም። ሌላ ጊዜ ስታጠራቅሚ 55-200 ወይም 55-250 የሚባሉ ያገለገሉ ሌንሶች አሉ፣ ቀን ላይ ደጅ ስለምትጠቀሚባቸው አፐርቸራቸው ጠበብ ቢልም አይጎዳሽም።

ወንድምሽ ያለው ነገር ግን ከልቡ ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነበር የተገናኘነው፣ ውጪው ንጹህ፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ከፈልኩ ሄድኩ። ቤት ገብቼ የስልኬን መብራት ከኋላው በኩል አብርቼ ከፊት ሳየው ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቷል፣ ቅርንጫፍ አለው፣ የዛፍ ስር ነው የሚመስለው። ፈንገስ ነው። እርጥበት ያለው ቦርሳ ውስጥ ወራት ተዘግቶ የቆየ ሌንስ ያበቅላል፣ የመስታወቱን ቀለም ቅብ ይበላል፣ በብርሃን ፊት ለፊት ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ሻጩም ስልክ አላነሳም። ያ ቀን ያስተማረኝ ግን ያገለገለ አትግዛ ብሎ አይደለም፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ አለ፣ እሱን ሳታደርግ አትክፈል ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው፣ ከወንድምሽ ጋር ሂጂ፣ ቀን ላይ፣ ሰው ያለበት ቦታ፣ የራስሽን ሚሞሪ ካርድ ይዘሽ። ሌንሱን ከካሜራው አውልቀሽ የስልክሽን መብራት በአንዱ ጫፍ አብሪና በሌላው እይ፣ ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም፣ ድር የመሰለ ክር ወይም ጉም ካየሽ አመስግነሽ ሂጂ። ዙም ሌንስ ከሆነ አዙሪው፣ አሸዋ የሚፈጭ አይነት ድምፅ ካለው ወድቋል ወይ ደለል ገብቶበታል። ከዛ ሴንሰሩን፣ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ወይም 22 ላይ አድርጊና ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሺ፣ ፎቶውን ስታሰፊው ጥቁር ነጠብጣቦች ይታዩሽ ይሆናል፣ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጥ ያለ መስመር ወይም ጭረት ከሆነ ግን አይጸዳም። ከዛ የጽሁፍ ገጽ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ አስቀምጪና መሀሉ ላይ ያለውን ቃል ፎከስ አድርገሽ አንሺ፣ የጠራው ያ ቃል መሆን አለበት፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ከጠራ ፎከሱ ተዛብቷል። ፍላሹን አስነሺ፣ እያንዳንዷን በተን ንኪ፣ የባትሪ ክዳኑ ይዘጋል ወይ፣ ካርዱ ሲገባ ይያዛል ወይ፣ ባትሪው እብጠት አለው ወይ። ቻርጀሩ የራሱ ይሁን።

አንድ ሌላ ቁጥር አለ፣ የሹተር ካውንት፣ ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ አንስቷል የሚለው፣ የመኪና ኪሎሜትር በይው። በኒኮን ይሄ ቁጥር ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፣ እዛው አንድ ፎቶ አንስተሽ ፋይሉን በሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ማየት ትችያለሽ፣ የካነን ብዙዎቹ ላይ ግን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ አይታይም። ዲ3500 የተሞከረው ለ100,000 ጊዜ ነው። እስቲ በሳምንት 200 ፎቶ አነሳሽ እንበል፣ በዓመት 10,400 ነው፣ 20,000 ያነሳ ካሜራ ብትገዢ የቀረው 80,000 ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ያቆይሻል። ለመዝናናት ለሚያነሳ ሰው ይሄ በጣም ብዙ ነው። 80,000 ያለፈ ከሆነ ግን ወይ ዋጋው በደንብ ይውረድ ወይ ይቅር። በተረፈ ካርቶኑን ወይም ደረሰኙን ጠይቂ፣ የካሜራው ሆድ ላይ ያለው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ ከሆነ የተሰረቀ እቃ የመሆን እድሉ ይቀንሳል። «ቶሎ ወስኚ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ እንዲሸጥለት ተዪለት።

ሚሞሪ ካርድ ላይ አትቆጥቢ፣ ግን ትልቅም አያስፈልግሽም፣ 32 ጊጋ በ24 ሜጋፒክስል ጄፔግ፣ በተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ከ2,000 በላይ ፎቶ ይይዛል። ፎርጅድ ካርድ በየቦታው አለ፣ 256 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ሩቡም የለም፣ ሲሞላ ፎቶሽን ዝም ብሎ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ከሚታመን ቦታ ግዢና መጀመሪያ ቀን እስኪሞላ ፋይል ገልብጠሽበት ሁሉም ይከፈት እንደሆነ እይ። ቦርሳው ውስጥ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኛት እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጣዪበት፣ ፈንገሱን ታስታውሺው የለ። ቦርሳ ራሱ ውድ መሆን የለበትም፣ ካሜራውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ ሁልጊዜ በምትይዢው ቦርሳ መክተት ይበቃል፣ እንደውም እንዲህ ያደረግሽ ለታ ነው ብዙ የምታነሺው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቅር ሊልሽ ይችላል፣ አስቀድሜ ልንገርሽ። የካሜራው ፎቶ ከስልክሽ ፎቶ አጠገብ ሲቀመጥ ፈዘዝ ያለ ይመስላል፣ ስልኩ ሳትጠይቂው ቀለሙን አድምቆ፣ ጥላውን አብርቶ ነው የሚሰጥሽ፣ ካሜራው ግን ያየውን ነው የሚሰጥሽ፣ ማድመቁን ላንቺ ይተውልሻል። ፎቶ ማስተካከል ስትጀምሪ ሮው የሚባለውን ፋይል አብሪው፣ ጄፔግ በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ ባለ 12 ቢት ሮው 4,096 ይይዛል፣ ጨለማ ውስጥ የጠፋ ፊት ከዛ ውስጥ ይወጣል። ለመጀመሪያው ወር ግን ጄፔግ ይበቃሽ፣ ሁሉንም ባንዴ ልማር ካልሽ ይሰለችሻል።

ማታ ልጁን ስታነሺ መደወያውን ኤ ላይ አድርጊው፣ አፐርቸሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ ሹተሩን ካሜራው ይመርጣል። 1.8 ላይ ክፈቺ፣ አይኤስኦ 3200። ፎከሱን በሙሉ ነጥብ አትተዪው፣ ከነጥቦቹ አንዷን ብቻ መርጠሽ ልጁ አይን ላይ አኑሪያት፣ 1.8 ላይ የሚጠራው ስፋት በጣም ቀጭን ስለሆነ አፍንጫው ጠርቶ አይኑ ሊደበዝዝ ይችላል፣ አይን ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝም ፎቶው ይሰራል። እየራቀሽ እየቀረበሽ ስለሚሮጥ ፎከሱ እንዲከተለው ኤኤፍ-ሲ የሚለው ላይ አድርጊ፣ በተኑን ተጭነሽ ተከታታይ አንሺ፣ ከ20 ሁለት ቢወጡ ጥሩ ነው። ቁጭ በይ ወይ ተንበርከኪ፣ ካሜራው የልጁ አይን ከፍታ ላይ ይሁን። አምፖሉ ከጀርባው እንዳይሆን አንቺ ዙሪ፣ እሱን አታዙሪው።

እናትሽን ደግሞ ጠዋት መስኮቱ ስር፣ መብራቱን አጥፊና፣ በጎን በኩል ከሚገባው ብርሃን ብቻ፣ ኤፍ 2.8 ላይ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ትንሽ ሲዞር ጥላው በአፍንጫቸው ጎን ይወርዳል፣ እሱን ጠብቂ። እጃቸውንም ለብቻው አንሺው።